በጎንደር የሰፈር በጎ ፈቃደኞችን ለአደጋ ዝግጁነት ማሠልጠን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነዋሪውን ለአደጋ ዝግጁነት ስለማሠልጠን በቀበሌና በዕድር ስብሰባዎች ላይ ውይይት ሲነሣ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተጻፉት ሥልጠናውን ለማዘጋጀት ለሚያስቡ የዕድር ዳኞች፣ የቀበሌ ሠራተኞች፣ መምህራንና ወጣቶች ነው።

እሳት አደጋና አምቡላንስ እያሉ የሰፈር ሰው ለምን ይሠለጥናል?

ቤት ሲቃጠል ወይም ግድግዳ ሲናድ መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ስለሆነ ነው። ደም በብዛት የሚፈስሰው ሰው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ የእሳት አደጋ መኪና ደግሞ በቶሎ ቢጠራም በአሮጌዎቹ የጎንደር ሰፈሮች ባሉት ጠባብና አቀበታማ መተላለፊያዎች ውስጥ እንደልቡ መግባት አይችልም። ሌሊት ከሆነ ወይም መንገድ ከተዘጋ የመጠበቂያው ጊዜ ይረዝማል፤ ያን ጊዜ የሚሞላው በቦታው ያለው ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከበድ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ሲቲን ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በመታት ጊዜ ምንም ሥልጠና ያልነበራቸው ነዋሪዎች በራሳቸው ተነሳሽነት ከ800 በላይ ሰዎችን ከፍርስራሽ ሥር አውጥተዋል፤ በዚያው ሥራ ላይ ግን 100 ያህል አዳኞች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የሎስ አንጀለስ ከተማ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ነዋሪዎችን በቡድን አደራጅቶ ማሠልጠን የጀመረው ይህን ካየ በኋላ ሲሆን፣ አሠራሩ ቆይቶ በመላው አሜሪካና በሌሎች አገሮች ተስፋፍቷል። በአገራችንም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ሲቀጥፍ፣ ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡና ሁለተኛው ናዳ የወረደባቸው ሰዎች ነበሩ። ሕዝባችን ኡኡታ ሲሰማ ሮጦ መድረስን ከማንም መማር አያስፈልገውም። መማር ያለበት ከደረሰ በኋላ፣ ከመግባቱ በፊት፣ ለአፍታ ቆሞ ማየትን ነው፤ ሥልጠናው በሙሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው።

ጎንደር ላይ በቅድሚያ መዘጋጀት ያለብን ለየትኛው አደጋ ነው?

መልሱ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል፤ ስለዚህም ሠልጣኞቹ ከሁሉ አስቀድመው ሰፈራቸውን በእግራቸው ዞረው ካርታ ቢሠሩ ይመረጣል። ካርታው በደብተር ወረቀት ላይ በእርሳስ ሊሣል ይችላል፤ ዋናው ነገር ውሃ የሚወርድበት፣ እሳት ሊነሣ የሚችልበት፣ ሰው የሚታፈንበትና መውጫ የሌለው ቦታ ተለይቶ መታየቱ ነው።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በሸንተረርና በተዳፋት ላይ የተሠራች በመሆኗ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ የሚጥለው ዝናብ በፍጥነት ወርዶ ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ ወንዞች ይገባል። በወንዝ ዳር ያሉ ቤቶች፣ በቆሻሻ የተደፈኑ የፍሳሽ ቦዮች፣ እንዲሁም ቁልቁለቱ ተቆርጦ የተሠሩና ከጀርባቸው የአፈር ግድግዳ ያለባቸው ቤቶች በካርታው ላይ ቀድመው መመዝገብ አለባቸው። ጎርፍ ሰፈሩ ውስጥ ዝናብ እስኪበረታ ላይጠብቅ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ ድሬዳዋ ውስጥ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን የገደለው ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ሌሊት፣ ሰው በተኛበት፣ በመድረሱ ነው። በሌላ በኩል ከከተማው በስተደቡብ ዝቅ ብሎ ያለው የደምቢያ ሜዳ ወንዞች ሲገነፍሉና ጣና ሲሞላ ለቀናት በውሃ የሚያዝ ስለሆነ፣ በዚያ ያሉ ቀበሌዎች ዝግጅት በዋናነት እህልን፣ ከብትንና ሰውን በጊዜ ወደ ከፍታ ማውጣት ነው።

እሳት ወቅት አይጠብቅም። በጭቃና በባሕር ዛፍ እንጨት የተሠሩ፣ ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች፣ ከአንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤት የተዘረጋ የመብራት ገመድ፣ እንደ ቅዳሜ ገበያ ባሉ ቦታዎች የተጠጋጉ ሱቆችና መደብሮች እሳትን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራሉ። ከእሳቱ ጋር አብሮ መነሣት ያለበት፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ የከሰል ጭስ ነው፤ በብርድ ሌሊት ከሰል አቀጣጥሎ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ሽታ በሌለው ጋዝ ቤተሰብን በሙሉ ሊገድል ይችላል። አንድ በጎ ፈቃደኛ ቤት ለቤት ዞሮ ይህን ብቻ ቢያስረዳ እንኳ ሕይወት ያድናል።

የውሃ እጥረት ባለበት ከተማ ኮሌራና ሌሎች የተቅማጥ በሽታዎችም ከአደጋዎቹ ዝርዝር ሊወጡ አይገባም። በጎ ፈቃደኛው በቤት ውስጥ የሚዘጋጀውን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር መለኪያ በቃሉ ማወቅ ይኖርበታል፦ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ከዚህ የበዛ ጨው ይጎዳል፤ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ከረጢት ከተገኘም እሱ ይቀድማል።

ማን መሠልጠን ይችላል?

18 ዓመት የሞላው ፈቃደኛ ሁሉ ይችላል። ጉልበት የሚጠይቀው ሥራ ከጠቅላላው ጥቂቱ ስለሆነ አረጋውያንን መተው ስሕተት ነው፤ ወንዙ ቀድሞ እስከ የት ሞልቶ እንደነበር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ቀን ቀን ቤት የሚውሉ እናቶች ደግሞ ማን ቤት ማን እንዳለ፣ ማን ብቻውን እንደሚተኛ፣ የትኛው ሕፃን በር ተዘግቶበት እንደሚውል ያውቃሉ፤ ይህን የትኛውም መዝገብ አይነግረንም። ከቡድኑ ቢያንስ ግማሹ ሴቶች እንዲሆኑ አጥብቀን እንመክራለን።

አዲስ ማኅበር እናቋቁም ወይስ ዕድሩ ይበቃል?

በእኛ እምነት ከዕድሩ መጀመር ይሻላል። ዕድር የአባላቱን ስምና ቤት በመዝገብ የያዘ፣ ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና በርሜል ያለው፣ ገንዘብ የሚሰበስብና ቤተሰብ የሚያምነው አካል ነው። ሞት ሲደርስ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ድንኳን ተክሎ፣ ውሃ አስቀድቶ፣ ሰው መድቦ ሥራውን የሚጀምር ማኅበር መጠለያ ለማቆምም ሆነ ተፈናቃይ ለመመገብ የሚያስፈልገው አደረጃጀት አስቀድሞ በእጁ አለ። የቀረው ነገር ከቀብሩ በፊት ያለውን ጊዜ፣ ማለትም ሰውን ከሞት የማዳኑን ሥራ፣ በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ማስገባትና ለዚሁ ሰዎችን መምረጥ ነው።

ሆኖም ሁለት ችግሮች አሉ። ተከራዮች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ተማሪዎችና ከሌላ አካባቢ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የዕድር አባል አይደሉም፤ የሚኖሩትም በአብዛኛው ርካሽ በሆነውና ለአደጋ በተጋለጠው ቤት ነው። ስለዚህ የአደጋ ጊዜ መዝገቡ መሠራት ያለበት በአባልነት ሳይሆን በበር ቆጠራ ነው። ሌላው፣ በአንድ ሰፈር የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ማኅበራት ጎን ለጎን ሲኖሩ እያንዳንዱ ለየብቻው ከሚያሠለጥን፣ ተስማምተው አንድ ቡድን ቢያቆሙ መልካም ነው።

ሥልጠናው ውስጥ ምን ይካተታል?

የመጀመሪያው ትምህርት ቦታን ማየት ነው። ሠልጣኙ አደጋው ጋ ሲደርስ የወደቀ የመብራት ገመድ፣ የሚፈስ ጋዝ፣ ያዘመመ ግድግዳ ወይም የሚንቀሳቀስ አፈር መኖሩን ሳያጣራ አይገባም፤ ብቻውንም አይገባም፤ ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው ይሠራሉ፣ ሦስተኛው ሰው ውጭ ቆሞ ማን እንደገባ ይይዛል። መሬት ላይ ከወደቀ የመብራት ገመድ ቢያንስ አሥር ሜትር ርቆ ሰው እንዳይቀርብ መከልከል ራሱ ትልቅ ሥራ ነው።

ቀጥሎ የእሳት ትምህርት ይመጣል። በዘይት የተነሣ እሳት ላይ ውሃ መድፋት እሳቱን እንደሚበትነው፣ ይልቁንም ምድጃውን አጥፍቶ ድስቱን በክዳኑ ማፈን እንደሚገባ፣ የኤሌክትሪክ እሳት ላይም ቆጣሪው ሳይጠፋ ውሃ እንደማይደፋ ሠልጣኙ በተግባር ማየት አለበት። የእሳት ማጥፊያ መሣሪያ የያዘ ሰው መውጫውን ከጀርባው አድርጎ ይቆማል፤ መቆለፊያውን ይነቅላል፤ አፈሙዙን ወደ ነበልባሉ ሳይሆን ወደ እሳቱ ሥር ያነጣጥራል፤ መያዣውን ጨምቆ ከግራ ወደ ቀኝ ያመላልሳል። አንዱ መሣሪያ ካላጠፋው እሳቱ ከሰፈር ሰው አቅም በላይ ሆኗልና ያለው ሥራ ሰው ማስወጣት ብቻ ነው።

በሰዓትም በትኩረትም ሰፊውን ቦታ ሊይዝ የሚገባው የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ነው። እዚህ ላይ አዲስ ነገር ከማስተማር ይልቅ የለመድነውን ማስተው ይከብዳል። የተቃጠለ ቆዳ ላይ ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና ይቀባል፤ በሚደማ ቁስል ላይ የቡና ዱቄት ይነሰነሳል፤ ራሱን የሳተ ሰው ውሃ እንዲጠጣ ይደረጋል። ሦስቱም ይጎዳሉ። ቃጠሎ ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ደም በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ሳይለቁ በመያዝ ይቆማል፤ ራሱን የሳተና የሚተነፍስ ሰው በጎኑ ይተኛል። ትንፋሹ የቆመ ሰው ደረት መሐል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ይጫናል። ከከፍታ የወደቀ ወይም መኪና የገጨው ሰው ደግሞ በእጅና በእግሩ ተጎትቶ ባጃጅ ውስጥ ታጥፎ መጫን የለበትም፤ አከርካሪው ተጎድቶ ከሆነ ያ ጉዞ ዕድሜ ልክ ሽባ ሊያደርገው ይችላል። ሁለት አጣናና አንድ ጠንካራ ብርድ ልብስ ካሉ ቃሬዛ ይሠራል፤ ሠልጣኞች እርስ በርሳቸው እየተሸካከሙ ቁልቁለትና አቀበት ላይ ቢለማመዱ ጥሩ ነው።

ብዙ ሰው በአንዴ ሲጎዳ በጎ ፈቃደኛው በጉዳት ክብደት መለየት ይኖርበታል፤ ለልብ የሚከብደውም ትምህርት ይህ ነው። አብዝቶ የሚጮኸው ሰው የግድ አስቀድሞ የሚታየው አይሆንም። መራመድ የሚችሉት ወደ አንድ ቦታ እንዲሄዱ ይነገራቸዋል፤ ከዚያ የቀሩት አንድ በአንድ ይታያሉ፤ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ፣ ጥፍሩ ተጭኖ ሲለቀቅ ከሁለት ሴኮንድ በላይ ሳይቀላ የሚቆይ፣ ወይም «እጄን ጨብጥ» ሲባል የማይታዘዝ ሰው አስቸኳይ ነው ተብሎ ይለያል። በእያንዳንዱ ሰው ላይ የሚጠፋው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ማለፍ የለበትም። ይህ ዘዴ ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሚፈልገው ዕቃ ባለመኖሩ ለእኛ ሁኔታ ይስማማል።

በጥምቀት በዓል የሠለጠነ ሰው ምን ይሠራል?

ይህ ጥያቄ ጎንደር ላይ የተለየ ክብደት አለው። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በዓሉ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ በሰፈረ ማግስት በዋለው ጥምቀት፣ በአፄ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፣ ብዙዎችም ተጎድተዋል። ለጸሎት በወጣ ሕዝብ ላይ የደረሰ በመሆኑ ኀዘኑ እስካሁን አልወጣም፤ ደግሞ እንዳይደርስ መሥራትም የሁላችን ዕዳ ነው።

የሠለጠነ በጎ ፈቃደኛ የመጀመሪያ ሥራው የሚሠራው ከበዓሉ በፊት ነው፦ ጊዜያዊ መቀመጫዎችና አጥሮች በባለሙያ መፈተሻቸውን መጠየቅ፣ መውጫዎች በሻጮችና በተሽከርካሪ አለመዘጋታቸውን ማየት፣ የቃሬዛና የአምቡላንስ መተላለፊያ ከወዲሁ እንዲለይ ከአስተባባሪዎች ጋር መነጋገር። በዕለቱ ደግሞ መጠጋጋቱን ይከታተላል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከአምስት ሰው በላይ ሲቆም ሰው እንቅስቃሴውን በራሱ መቆጣጠር ያቅተዋል፤ በመጨናነቅ የሚሞተውም አብዛኛውን ጊዜ ደረቱ ተጨምቆ መተንፈስ ስለሚያቅተው ነው። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛው ከኋላ የሚመጣውን ሕዝብ አስቀድሞ ማስቆም አለበት፤ ፊት ያለውን መግፋት አይረዳም። በመሐል ለተያዘ ሰው የሚሰጠው ምክር ክንዶቹን ከደረቱ ፊት አጥፎ የመተንፈሻ ቦታ እንዲጠብቅ፣ የወደቀበትን ዕቃ ለማንሣት እንዳይጎነበስ፣ ከግፊቱ ጋር ሳይታገልም በዝግታ ወደ ዳር እንዲያዘነብል ነው። ከወጣቶች ማኅበራትና ከሰንበት ትምህርት ቤቶች አባላት ጋር አብሮ መሥራት እዚህ ላይ ግዴታ ነው፤ ሕዝቡ ቃላቸውን ይሰማልና።

ማስጠንቀቂያ ለሰፈሩ እንዴት ይደርሳል?

ስልክ ብቻ አይበቃም፤ መብራትና ኔትወርክ ቀድመው የሚጠፉት በአደጋ ጊዜ ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970 የደረሰ አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300,000 ሰው ከገደለ በኋላ መንግሥትና ቀይ ጨረቃ በጋራ ያቋቋሙት ፕሮግራም ዛሬ ከ70,000 በላይ በጎ ፈቃደኞች አሉት፤ እነሱም በድምፅ ማጉያና በባንዲራ ምልክት ቤት ለቤት ያስጠነቅቃሉ። ከመጠለያዎች ግንባታ ጋር ተዳምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲድር የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲመታ የሟቾች ቁጥር ወደ 3,400 ወርዷል። እኛም የዕድሩ ጥሩምባ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ አሉን። ለአደጋ የሚነፋው ጥሩምባ ግን ከቀብር ጥሪው ፈጽሞ የተለየ ምት እንዲኖረው አስቀድሞ ተስማምቶ፣ ሕፃናት ሳይቀሩ እስኪለዩት ድረስ ማለማመድ ያስፈልጋል። ደወሉና ማጉያውም ለዚህ የሚውሉት በካህናቱና በኢማሞቹ ፈቃድና ስምምነት ነው።

ሥልጠናው ስንት ጊዜ ይወስዳል?

አሜሪካ ውስጥ መሠረታዊው ሥልጠና 20 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ለእኛም ይኸው መጠን ይበቃል። ከቅዳሜ ገበያና ከእሑድ ቅዳሴ ጋር እንዳይጋጭ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ይመቻል። ከፋሲካ በኋላ ተጀምሮ ክረምት ከመግባቱ በፊት እንዲያልቅ፣ በታኅሣሥ ደግሞ ለጥምቀት የሚሆን የክለሳ ልምምድ እንዲኖር ማድረግ ተገቢ ነው። ያልተለማመዱት እርዳታ በወራት ውስጥ ይረሳል።

ምን ዓይነት ዕቃ ያስፈልጋል?

አካፋ፣ ዶማ፣ መጋዝ፣ ወፍራም ገመድ፣ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ የቆዳና የሕክምና ጓንት፣ ብርድ ልብስ፣ ንጹሕ ጨርቅ። አብዛኛው በየቤቱ አለ፤ መግዛት ከማስፈለጉ በፊት ማን ምን እንዳለው መመዝገብ ይቀላል። የተመዘገበው ዕቃ ቁልፉ ከአንድ ሰው በላይ ዘንድ በሚገኝ ቦታ ይቀመጥ።

በጎ ፈቃደኛ ማድረግ የሌለበት ምንድን ነው?

በሚፈስ ጎርፍ ውስጥ አይገባም፤ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ አዋቂን ሰው ሊጥል፣ 30 ሴንቲ ሜትሩ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል። ለመሳብ ገመድ ይወረውራል፤ ዘንግ ያቀብላል። መድኃኒት አያዝዝም፣ መርፌ አይወጋም። የተጎጂዎችን ፎቶ አንሥቶ አያሰራጭም። የደካሞችንና የሕሙማንን መዝገብ ለሥራው ከተመደቡት ውጪ ለማንም አያሳይም። የፀጥታ ችግር ባለበት ጊዜም የየትኛውንም ወገን ሥራ አይሠራም፤ የተጎዳን ሰው ማንነት ሳይጠይቅ መርዳት የሚችለው ሁሉም ወገን ገለልተኛ መሆኑን ሲያምን ብቻ ነው።

ክፍያ አለው? በጎ ፈቃደኛው ራሱ ቢጎዳስ?

ክፍያ የለውም። ያም ቢሆን የቀን ገቢውን ትቶ የሚሠለጥን ሰው የትራንስፖርቱንና የምሳውን ወጪ ከኪሱ እንዲሸፍን መጠበቅ ድሀውን ከሥልጠናው ማስወጣት ነው። በሥራ ላይ ለተጎዳ በጎ ፈቃደኛ ሕክምና የሚሆን ገንዘብ ዕድሮቹ በስምምነት ከወዲሁ ቢለዩ፣ ይህም በጽሑፍ ቢሰፍር ይገባል። ከአስከፊ አደጋ የተመለሱ ሰዎችም በማግስቱ ተሰብስበው ያዩትን እንዲያወሩ ጊዜ ሊሰጣቸው ያስፈልጋል፤ እንቅልፍ ያጣ ወይም ከሰው የራቀ ካለ ወደ ጤና ተቋም ይላካል።

ለመጀመር ወደ ማን እንሂድ?

መጀመሪያ ወደ ቀበሌያችሁ፤ ቡድኑ ሳይታወቅ ቢሠራ በአደጋው ቦታ ከፖሊስና ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ጋር ይጋጫል። ለመጀመሪያ እርዳታ ትምህርቱ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተውን የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን ማነጋገር ይቻላል፤ በጎ ፈቃድ ከሰባቱ መርሖቹ አንዱ ነው፣ አምቡላንሱም በ907 ይጠራል። በ1940ዎቹ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሥራ የጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የጤና ባለሙያዎችን ወደ ሕዝቡ መሐል ለማሰማራት የተቋቋመ በመሆኑ፣ አሠልጣኝ እንዲመድብ በዕድሮች ስም ደብዳቤ መጻፍ ተገቢ ነው። በቀበሌ ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ግን ደብዳቤ አይጠብቁም፤ የሰፈሩን ካርታ የሚሠራው ቡድን በመጀመሪያው ዙር ጉብኝት ይዟቸው ይውጣ።